ዘጠኝ ሄ

ፖስታ ቤቱ ግርጌ፣ ዝናብ በያዘን ቀን፣
ጫንያለው መጽሐፉን በላስቲክ ሲሸፍን፣
አንዲት ነጠላ ገጽ ከክምሩ ሾልካ
እግሬ ሥር ወደቀች፣ ጭቃውን ልትነካ።

አነሣኋት።
ከአንድ ወገን ጽሑፍ፣ ከጀርባዋ ባዶ፣
ጠርዟን አይጥ የበላው፣ መሐሏ ተቀዶ፤
ከላይ የመርከብ ሥዕል፣ ሸራው የተነፋ፣
ከታች የስንኝ መዓት፣ የቀለም ወረፋ።

«የአሜሪካ ናት» አለኝ፣ «በኪሎ ስገዛ
ከቆየ ጋዜጣ ጋር መጣች ተጓጉዛ።
ድሮ እዚያ አገር፣ አሉ፣ ሳይጠርዙ፣ ሳይሰፉ
ዘፈኑን፣ ግጥሙን በአንድ ገጽ እያጻፉ
ገበያ፣ ስቅላት፣ ሰው በቆመበት
በሳንቲም ይሸጣል፤ የገዛው ይለጥፈው፣ ሲሻው ይጠቅልልበት።
ይኸኛው ስለ ባቡር ነው፤ ድልድይ ተሰብሮ
ሠላሳ ሰው ይዞ ገደል ገብቶ ኖሮ።
ግን ሥዕሉን ይዩት እማማ! መርከብ ምን አመጣው?
ከግጥሙ አልገጠመ» ብሎ ሳቀ ጫንያለው።

እኔም ሳቅሁ፤ የኔ ሳቅ ግን ሌላ።
አርባ ዓመት ፊደል ለቅሜ፣ ጣቴን እርሳስ ሲበላ፣
ስንቱን አውቃለሁ፣ ያልገጠመ ግጥም፦
አታሚው የባቡር ቅርጽ አልነበረውም።
ያለው መርከብ ነው።
ያለውን አተመ።

ዶሮ ማነቂያ ነው፣ ከሥጋ ቤት ጀርባ፣
የሙሴ ቫርታን ቤት፤ ዕድሜዬ ሃያም አልገባ።
መሳቢያው ብዙ፣ ፊደሉ ጥቂት፤
«የናንተ ቋንቋ» ይል ነበር፣ «እርሳስ አይበቃውም፣ ከሁለት መቶ በላይ ቤት!»

አንድ ማለዳ ልሳነወርቅ መጣ፣
ከለገሃር ምድር ባቡር፣ ከሌሊት ሥራ የወጣ፣
ዓይኑ ያበጠ፣ እጁ ላይ የደብተር ቅዳጅ፤
ግጥም ነው፣ ለታናሽ ወንድሙ፣ አዋሽ ሐዲድ ላይ ለቀረው ልጅ።
«በአንድ ገጽ አትሙልኝ።
ሲኒማው በር ላይ እሸጠዋለሁ፣ በአምስት ሳንቲም፤
አንዷን ለእናቴ። ማንበብ አትችልም፣
መያዝ ግን ትችላለች።»

መልቀም ጀመርሁ።
በጧት ሄደ። ሳይበላ ሄደ።
የጫማውን ክር ሳያስር ሄደ።
አሥራ አምስት ጊዜ ሄደ።
ከመሳቢያው ዘጠኝ ሄ አወጣሁ፣
ከሐመሩ ሔ ሦስት ተበደርሁ፣
ከብዙኃኑ ኄ አንድ፤ ኼማ እግሯ ተሰብሯል።
አሥራ ሦስት። ልጁ ሁለት መሄጃ አጥቷል።

ሙሴ ቫርታን መነጽሩን አወለቀ፤
«አዲስ ፊደል ከባሕር ማዶ ሦስት ወር ነው» ብሎ ጠረጴዛውን ደቀደቀ።
ልሳነወርቅ መሬት መሬት አየ።
እኔ ነኝ፣ ጣቴ ጥቁር፣ አፌ ፈጣን፣
«መጣ በለው» ያልሁት፤ «መ ሞልቷል። ጣም አይቸግረን።»

እንዲያ ሆኖ ታተመ።
ለራስጌው ያለን ቅርጽ የሠርግ መጥሪያ አበባ ነበር፤
አበባው ተደረገ።

ለእናቱ ሲያነብላት አብሬ ነበርሁ፣ ሠራተኛ ሰፈር።
ሄደ ሲል፣ ዝም።
ሄደ ሲል፣ ዝም።
«መጣ» ሲል
ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፣
በሩን ከፈተች።
ከሰል የጫነ አህያ እያለፈ ነው።
ተመልሳ ተቀመጠች። «ቀጥል» አለች።
በሁለተኛውም ተነሣች።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ አስነበበችው።
አንድ ቀን አላስችል ብሎት
ሁለቱን ስንኝ ዘሎ አነበበላት።
«ሁለቴ ይመጣ ነበር» አለችው፣
«የት አደረግኸው?»

እና ጫንያለው፣
በዚያች መርከብ አትሳቅ።
ማን ያውቃል፣ እዚያም አገር
ልጇን ባቡር የወሰደባት፣ ፊደል ያልቆጠረች፣
ሥዕሉን ብቻ አይታ
ወደብ ወርዳ ይሆናል፣ ምሳ ቋጥራ።

«ስንት ነው?»
«ሠላሳ። ለርስዎ ሃያ።»
ዝናቡ አባርቷል፤ ከቸርችል ጎዳና የታክሲ ረዳት ይጣራል።
ለሁለት ሊያጥፋት ሲል እጁን ያዝሁት።
«አትጠፋት፣ ልጄ።
እንዲሁ ስጠኝ።
ማንበቡንስ አልችልም።»